«ተቀመጪ» ያልናቸው እናቶች፦ የመርሳት በሽታ፣ መውደቅና የመቆም ልምምድ ታሪክ



የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት ቃል ናት። ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አምጥተው አብረው በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ይህች ቃል በቀን ብዙ ጊዜ ትሰማለች። እኔም እናቴ የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን ቀን ጀምሮ ሳላስተውለው ስደጋግማት ኖሬአለሁ። ቃሏ «ተቀመጪ» ናት። እማዬ፣ ተቀመጪ፤ ውኃውን እኔ አመጣልሻለሁ። ተቀመጪ፤ ደረጃው ያንሸራትታል። ተቀመጪ እንጂ፣ ወዴት ነው ደግሞ? ቃሏ ከፍቅር እንደምትወጣ ማንም አይጠራጠርም። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለን ቦታ የምንለቅ ሕዝብ ነን፤ ላረጀ ሰው መቀመጫ ማቅረብ የክብር ሁሉ መጀመሪያ ነው ተብለን አድገናል።

እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀች በኋላ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ወደ ቤታችን ተላከ። ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ወንበር ጠየቀ። ክርስትና ያነሳችው ልጅ እንኳ ዛሬ አያት የሆነላትን ሴት፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ከወንበር አሥር ጊዜ እንድትነሳና እንድትቀመጥ አዘዛት። ስለ እርሷ ሆኜ ተቆጣሁ። አራተኛው ላይ ሲደክማት ልጁ «በጣም ጥሩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ» ይላል። ያን ምሽት እንዲህ ያለውን ሕክምና ማን ጀመረው? በምንስ ማስረጃ? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ የምታነቡት የዚያ ንባብ ፍሬ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ። «የሚረሳ አረጋዊ እንዳይወድቅ ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ ሕክምናው ለረጅም ዘመን የሰጠው መልስ እንደኔው «ተቀመጪ» የሚል ነበር፤ አልጋ፣ ወንበር፣ በኋላም ማሰሪያ። «ቁሚ» የሚለው መልስ በዙሪያ ጥምጥም መንገድ መጣ። ከመጣም በኋላ የተፈቀደው በመጀመሪያ ለሌሎች ነው። የሚረሱት ሰዎች ተራ የደረሳቸው በመጨረሻ ነበር።

ሚዛንን እንደ አንድ ራሱን የቻለ የሰውነት ሥራ የሐኪሞች ዓይን ያየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። በርሊን ውስጥ ሞሪትዝ ሮምበርግ የተባለ ሐኪም ከ1840 ጀምሮ በየክፍሉ ባሳተመው የነርቭ በሽታዎች መጽሐፍ፣ ቂጥኝ ሕብለ ሰረሰራቸውን የጎዳባቸውን ሰዎች ገለጸ። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸው ተከፍቶ እግራቸውን ገጥመው መቆም ይችላሉ፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን ይንገዳገዳሉ፣ ይወድቃሉም። ዛሬም ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «እግርህን ግጠም፣ ዓይንህን ጨፍን» ብትባሉ የሚደረግላችሁ በእርሱ ስም የሚጠራው ምርመራ ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ግን ትልቅ ነበር። ሰው የሚቆመው በእግሩ ብርታት ብቻ አይደለም። ዓይን፣ የውስጥ ጆሮና ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያ የሚነሣው ስሜት ሦስቱ በአንድነት ለአንጎል ወሬ ያቀብላሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፤ ሁለቱ ሲጠፉ ሰውየው ይወድቃል።

ሮምበርግ አየ እንጂ አላከመም። ማከም የጀመረው ሃይንሪሽ ፍሬንክል የተባለ በስዊዘርላንድ ሃይደን ከተማ የሚኖር ሐኪም ነው፤ የጀመረበትም ምክንያት ደስ የሚል ነው። እንደሚተረከው በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጣቱን አነጣጥሮ አፍንጫው ላይ እንዲያሳርፍ ይጠይቀዋል፤ ሕመምተኛው ይስታል። ከወራት በኋላ ሰውየው ሲመለስ ፈተናውን በደንብ አለፈ። በሽታው አልዳነም፤ ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሰውየው ፈተናውን ለማለፍ ስለፈለገ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲለማመድ ከርሞ ነበር። ፍሬንክል ከዚህ ተነሥቶ የልምምድ ሥርዓት አበጀ፤ ወለል ላይ መስመርና የእግር አሻራ አሥሎ ሕመምተኞቹ በዝግታ፣ በቁጥር፣ እያዩ እንዲረግጡ አደረገ። የተበላሸው ነርቭ ባይታደስም የቀረው እንደሚማር አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ እንግሊዝ አገር ቴረንስ ካውቶርን የተባለ የጆሮ ሐኪምና የሥራ ጓደኛው ኩክሲ፣ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ወይም የውስጥ ጆሯቸው ተጎድቶ ለሚያዞራቸው ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ሠሩ። የሚያዞርህን እንቅስቃሴ አትሽሸው፣ ደጋግመው፤ ተቀምጠህ፣ ከዚያ ቆመህ፣ ከዚያ ኳስ እየተቀባበልህ። ለማዞር ሕመም ዕረፍት ይታዘዝ በነበረበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ የተደበቀች አንዲት ቅድመ ሁኔታ አለች። የፍሬንክል ሕመምተኛ የዳነው ስለሚያስታውስ ነው። ትእዛዙን ቤቱ ይዞ ሄደ፣ በየቀኑ አስታወሰው፣ እልህም ነበረው። ትእዛዙን በር ላይ የሚረሳ ሰውስ? ለዚህ ጥያቄ አንድ መቶ ዓመት ያህል ማንም በቁም ነገር አልመለሰም።

የመርሳት በሽታ የራሱ ታሪክ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በአንዲት ሴት ነው። አውጉስተ ዴተር በኅዳር 1901 የ51 ዓመት ሴት ሆና ፍራንክፈርት ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች፤ ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ነበር። በሚያዝያ 1906 አረፈች፤ አልዛይመርም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቱቢንገን ውስጥ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ስለ አንጎሏ ተናገረ። ስለዚህች ሴት የሚጻፈው ሁሉ ስሟን መጻፍ ስለማቃቷና በአጉሊ መነጽር በአንጎሏ ውስጥ ስለታየው ነገር ነው። እኔን ግን ያስቆመኝ አልዛይመር በ1907 ባሳተመው አጭር ዘገባ መጨረሻ አካባቢ ያለው ነገር ነው፤ በመጨረሻዋ ዘመን እግሮቿን ወደ ሰውነቷ አጥፋ ከአልጋ ሳትነሣ እንደተኛች፣ እንክብካቤ ቢደረግላትም የአልጋ ቁስል እንደወጣባት ይገልጻል። የገደላትም ከዚያ ቁስል የተነሣው የደም መመረዝ እንደሆነ ይነገራል። የመርሳት በሽታ የመጀመሪያዋ ስመ ጥር ሕመምተኛ የሞተችው፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ ካለመነሣት ነው። ያን ጊዜ ይህን የበሽታው ክፍል ነው እንጂ የአልጋው ሥራ ነው ያለ አልነበረም።

አልጋውን ከሰሱት ሰዎች የመጡት ከእንግሊዝ ነው። በ1935 ምዕራብ ሚድልሴክስ ሆስፒታል አጠገቡ የነበረውን የድሆች ማደሪያ ሕሙማን ቤት ሲረከብ፣ ማርጆሪ ዋረን የተባለች ሐኪም ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ተሰጧት። ብዙዎቹ አረጋውያን ሲሆኑ «የማይድኑ» ተብለው ለዓመታት ተኝተው ነበር። ዋረን አንድ በአንድ መረመረቻቸው። በሽታቸውን ለየች፣ ከአልጋ አስነሣቻቸው፣ ክፍሉን ቀለም አስቀባች፣ ወንበርና መደገፊያ አስገባች፤ ከእነዚያ «የማይድኑ» ከተባሉት በርካታዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የአረጋውያን ሕክምና እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ የቆመው በእነዚህ ዎርዶች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለ ሐኪም አልጋ ላይ መዋል ለሳንባ፣ ለደም ሥር፣ ለአጥንት፣ ለጡንቻና ለመንፈስ የሚያመጣውን ጉዳት እየዘረዘረ አንድ ስላቅ የተሞላበት ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አወጣ። አጭር ጽሑፍ ነው፤ ዛሬም እየሳቁ የሚነበብ።

ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ ደግሞ ሼልደን የተባለ ሐኪም አረጋውያንን በሆስፒታል ሳይሆን በየቤታቸው እየዞረ አጠና። በ1948 ያሳተመው መጽሐፍና በተለይም በ1960 ስለ 500 ያህል የመውደቅ አደጋዎች የጻፈው ጥናት መውደቅን ከ«አጋጣሚ»ነት አውጥቶ ታሪክና ምክንያት ያለው ነገር አደረገው። ምን ያህሉ ደረጃ ላይ ሆነ? ምን ያህሉ በጨለማ? ምን ያህሉ ያለ ማደናቀፊያ፣ ጉልበት ድንገት ሲከዳ? ከዚያም ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ሰውነቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ የሚለካ መሣሪያ አበጅቶ፣ በእርጅና ውዝዋዜው እንደሚጨምር አሳየ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሰው «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ይህ አባባል ትሕትና ይመስላል፣ ነገር ግን ጥያቄውን ይዘጋል። ሼልደን የሠራው ሥራ ያንን በር እንደገና መክፈት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል መልካም ነበር። ይሁንና በዚያው ዘመን በአትላንቲክ ማዶ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በዙ፤ ከእነርሱም ጋር ማሰሪያው መጣ። ማሰሪያ ስል ምሳሌያዊ ነገር አይደለም፤ ደረት ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ፣ የወገብ ቀበቶ፣ የእጅ አንጓ ማሰሪያ፣ ተቀማጩ የማይከፍተው ጠረጴዛ ያለው ወንበር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ከሚኖሩት አሥር ሰዎች አራቱ ገደማ በዚህ ዓይነት ይታሰሩ ነበር፤ ይበልጡን የሚታሰሩትም የሚረሱትና የሚቅበዘበዙት ነበሩ። ምክንያቱ አንድና ያው ነበር፤ እንዳይወድቁ። ቤቱ ይከሰሳል የሚል ፍርሃትም አለበት።

ይህን ምክንያት በቁጥር የፈተነችው ሜሪ ቲኔቲ የተባለች የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ናት። ቲኔቲ በ1988 ባሳተመችው ጥናት ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 336 በየቤታቸው የሚኖሩ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለች፤ 32 ከመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደቁ። ለመውደቅ ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት፣ የሚዛንና የአረማመድ ችግር፣ እንዲሁም የአእምሮ መዳከም ጎልተው ወጡ። በ1992 ደግሞ በመጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 397 ሰዎችን ተመለከተች። ካልታሰሩት 275 ሰዎች 15ቱ፣ ማለትም 5 ከመቶው፣ በመውደቅ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ከታሰሩት 122 ሰዎች ግን 21ዱ፣ ማለትም 17 ከመቶው ተጎዱ። የታሰሩት ቀድሞውንም የባሰባቸው ስለነበሩ ልዩነቱ ሁሉ የማሰሪያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ እርሷም ይህን አስልታለች። ቢያንስ ግን ማሰሪያው ያድናል የሚለው እምነት ማስረጃ አጣ። በገመድ የተያዘ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ የተፈታ ቀን ወይም ራሱን ያስለቀቀ ሌሊት የሚቆምበት እግር የለውም።

በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት የመጦሪያ ቤቶችን አሠራር የሚያሻሽል ሕግ አወጣ፤ በሥራ ላይ የዋለው ከ1990 ጀምሮ ነው። ሕጉ ነዋሪው ለሠራተኛ ምቾት ወይም ለቅጣት ሲባል ከሚደረግ አካላዊና መድኃኒታዊ እሥራት ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል። ዛሬ በእነዚህ ቤቶች በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው፤ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል። በሥልጠናቸው ወቅት «ማሰር ክልክል ነው» ተብለው የሚማሩት ደንብ ከዚህ ሕግ የወጣ ነው። ማሰሪያው በአብዛኛው ጠፋ። ምቹ፣ ጥልቅ፣ ወደ ኋላ የሚያዘነብል፣ ያለ ረዳት የማይወጡበት ወንበር ግን ቀረ።

በዚያው በ1990 ቦስተን ውስጥ የተሠራ አንድ ትንሽ ሙከራ ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። ማሪያ ፊያታሮኔ የተባለች ሐኪም ከአንድ የአረጋውያን ማእከል ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 ደካማ ፈቃደኞችን ወስዳ በእግራቸው ከባድ ክብደት ማንሣት አለማመደቻቸው። ቀላል ክብደት አይደለም፤ የሚችሉትን ያህል ከባድ። ዘጠኙ ስምንቱን ሳምንት ጨረሱ። የጭናቸው ጡንቻ ብርታት በአማካይ 174 ከመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ከዘራቸውን ጣሉ። አሥር ሰው ብቻ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ነገር ግን «ዘጠና ዓመት የሞላው ጡንቻ አይማርም» የሚለውን አባባል ለማፍረስ በቂ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላም መቶ ሰዎችን ባሳተፈ ሙከራ ተደገመ።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ተግተለተለ። በ1996 አትላንታ ውስጥ 200 አረጋውያን በተሳተፉበት ሙከራ፣ ለ15 ሳምንት የቻይናውያንን ዝግ ያለ የታይ ቺ እንቅስቃሴ የተማሩት ደጋግሞ የመውደቅ አደጋቸው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በ1997 ኒውዚላንድ ደነዲን ላይ 80 ዓመት ያለፋቸው 233 ሴቶች ተከፈሉ። ግማሾቹን ፊዚዮቴራፒስት በየቤታቸው እየሄደች አስተማረቻቸው፤ ግማሾቹ ጓደኛዊ ጉብኝት ብቻ ተደረገላቸው። በዓመቱ የሁለተኞቹ መውደቅ 152 ጊዜ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 88 ጊዜ ሆነ። የኦታጎ ልምምድ የሚባለው ይህ ነው። ወደ ቤቴ የመጣው ወጣት በወረቀት የተወልን ሥዕሎችም ከዚህ የተቀዱ መሆናቸውን ኋላ ላይ አወቅሁ፦ ተረከዝን ከጣት አስነክቶ በመስመር መሄድ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ከወንበር መነሣት፣ ወደ ጎን መራመድ፣ ወደ ኋላ መራመድ።

እነዚህን ጥናቶች ሳነብ ዓይኔን የወጋኝ በየጽሑፉ መጀመሪያ ተሳታፊዎች እንዴት እንደተመረጡ የሚነግረው አንቀጽ ነው። በብዙዎቹ ሙከራዎች አእምሯቸው የተዳከመ ሰዎች አልተካተቱም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መመሪያ መከተል፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁ በማስታወሻ መመዝገብ፣ ፈቃዳቸውን በፊርማ መግለጽ ይጠበቅባቸዋል። ውጤቱ ግን ከእኩዮቻቸው በእጥፍ ገደማ የሚወድቁት ሰዎች ከመድኃኒቱ ተለይተው መቅረታቸው ሆነ። የረሳ ሰው አይማርም የሚለው ግምት ሳይነገር ሕግ ሆኖ ነበር።

ግምቱ ስሕተት መሆኑ ግን ከዚያ በፊት ታውቋል፤ ያወቁት ደግሞ የሚዛን ሐኪሞች አልነበሩም። በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ እንዲድን ከአንጎሉ ሁለት ጎኖች ጥቂት ክፍል ተቆርጦ ወጣለት። መጣሉ ቀነሰለት፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማናቸውንም ነገር ከጥቂት ጊዜ በላይ መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የሞንትሪያል ተመራማሪ በ1962 ባሳተመችው ጥናት አንድ ፈተና ሰጠችው፤ እጁን በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ በእርሳስ መከተል። መስተዋት ሁሉን ስለሚገለብጥ ለማንም አስቸጋሪ ነው። ለሦስት ቀን ተለማመደ፤ ስሕተቱም በየቀኑ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ግን ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አላስታወሰም። እጁ ተምሯል፤ እርሱ አላወቀም። ከዚህ የተነሣ ትውስታ አንድ ጎተራ አለመሆኑ ታወቀ። የነገርና የሰው ትውስታ በአንድ በኩል፣ የእጅና የእግር ልማድ በሌላ በኩል ይከማቻል። አልዛይመር አስቀድሞ የሚያጠቃው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይቆያል። ቅዳሴ ሰምታ ያደገች እናት የልጇን ስም ረስታ የት ላይ እንደሚሰገድ የማትስተው፣ እስክስታ ሲመጣ ትከሻዋ ራሱ የሚሄደው ለዚህ ይመስለኛል። ሁሉም የመርሳት በሽታ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከፓርኪንሰን ጋር በሚዛመደው ዓይነትና ሌዊ ቦዲ በሚባለው፣ የእንቅስቃሴው ክፍል ቀድሞ ስለሚነካ መውደቁ ይብሳል።

የሚረሳ ሰው ለምን ይበልጥ እንደሚወድቅ በግልጽ ያሳየችው ሰሜን ስዊድን ያለችው ኡሜኦ ከተማ ናት። በ1997 ሉንዲን ኦልሰንና ባልደረቦቿ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ 58 ሰዎችን ይዘው አብረዋቸው እየሄዱ ወሬ ይጀምሩ ነበር። አሥራ ሁለቱ ለመመለስ ሲሉ ቆሙ። ከእነዚህ አሥራ ሁለቱ አሥሩ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ወደቁ። ለጤነኛ ሰው መራመድ ሐሳብ አይፈልግም፤ እነዚህ ሰዎች ግን ያላቸው ሐሳብ ለመራመድ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ወሬ ሲጨመር አንዱ መቅረት አለበት። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ እናቴ ኮሪደር ላይ ስትሄድ ከኋላዋ ሆኖ መጣራት አቁሜአለሁ። ከዚህ ሁሉ ንባብ ወዲያው ሥራ ላይ ያዋልኩት ነገር ይህ ነው።

በዚያችው ከተማ ኤሪክ ሮዘንዳልና ጓደኞቹ የፊያታሮኔን ድፍረት ወደ ረሱት ሰዎች ወሰዱት። ልምምዱ ብረት ማንሣት አይደለም፤ ከወንበር መነሣት፣ ደረጃ መውጣት፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ መቀመጥና መነሣት፣ በቆሙበት ዞር ማለት፣ መሰናክል መሻገር ሲሆን ሰውየው ሲጠነክር ክብደት ያለው ቀበቶ ወገቡ ላይ ይታሠራል። እያንዳንዱን ሰው የሚይዝ ባለሙያ አጠገቡ አለ፤ ሚዛኑ እስኪናጋ ድረስም ሆን ብለው ይገፋፉታል፤ የማይናጋ ሚዛን አይማርምና። በ2006 የታተመው የመጀመሪያው ሙከራቸው 191 ሰዎች ነበሩት፤ ግማሽ ያህሉ የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። በ2016 የታተመው ሁለተኛው ግን ሁሉም የሚረሱ 186 ሰዎች ብቻ ነበሩበት፤ አማካይ ዕድሜያቸው 85 ነው፤ በአራት ወር 40 ጊዜ ተለማመዱ። ማነጻጸሪያዎቹ ሰዎች በዚያው ሰዓት ተቀምጠው ይጫወቱና ይዘምሩ ነበር። የተለማመዱት ሚዛናቸው ተሻሻለ። የዕለት ሥራን ራስን ችሎ በመሥራት ረገድ ግን ጥቅሙ የታየው ከአልዛይመር ሌላ ዓይነት የመርሳት በሽታ ባለባቸው ላይ ነው፤ ልምምዱ ካቆመ በኋላም የተገኘው ነገር እየሳሳ ሄደ።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ላታልል አልፈልግም። ታሪኩ ከዚህ በኋላ የድል ታሪክ አይደለም። በ2003 ኒውካስል ላይ ወድቀው ድንገተኛ ክፍል የመጡ 274 የሚረሱ ሰዎች ተጠንተው ነበር። ልምምድ፣ የመድኃኒት ማስተካከያ፣ የቤት አደጋ ማስወገድ ሁሉ ተደረገላቸው፤ ከእነርሱ በዓመቱ 74 ከመቶ ወደቁ፣ ካልተደረገላቸው ደግሞ 80 ከመቶ። በአኃዝ ሊቃውንት ዓይን ይህ ልዩነት አይቆጠርም። በ2018 እንግሊዝ አገር 494 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ደግሞ ጠንካራ የሰውነት እንቅስቃሴ የመርሳት በሽታን ፍጥነት ይገታ እንደሆነ ጠየቀ። ሰውነታቸው ጠነከረ፤ አእምሯቸው ግን አልዳነም፤ እንዲያውም የተለማመዱት በትንሹ ዝቅ ያለ ነጥብ አገኙ። በ2023 የታተመው 365 ሰዎች ያሉበት ሌላ የእንግሊዝ ሙከራም ለአንድ ዓመት በየቤቱ ልምምድ ቢሰጥም የዕለት ኑሯቸውን አላሻሻለም። የኮሮና ወረርሽኝ መሐል ላይ ስለገባበት ባለሙያዎቹ ከፊሉን በስልክና በቪዲዮ ለማስተማር ተገደው ነበር፤ ይህ ምን ያህል እንደጎዳው ለመፍረድ ይከብዳል።

ከእነዚህ በተቃራኒ የቆመው የፊንላንድ ሙከራ ነው፤ ውጤቱ በ2013 ወጣ። አልዛይመር ያለባቸውና ከትዳር ጓደኛቸው ጋር የሚኖሩ 210 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ቤቱ ድረስ በመጣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሌላው በማእከል በቡድን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት፣ ለዓመት ተለማመዱ። ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ሁሉም በዓመቱ ደከሙ፤ ይህ በሽታ እንዲህ ነው። ነገር ግን ቤታቸው የተለማመዱት በዝግታ ደከሙ፤ የተለማመዱት ሁሉም ካልተለማመዱት ያነሰ ወደቁ፤ የሕክምናና የእንክብካቤ ወጪያቸውም አልጨመረም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እነዚህን ሙከራዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ነገር አለ። ጠያቂዎቹ «ልምምዱ መርሳትን ያቆማል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ አይ ነው። «እግሯ ይበረታ ይሆን? ሚዛኗስ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አዎን ነው፤ ሰው አጠገቧ እስካለ፣ ልምምዱም እስካልተቋረጠ ድረስ። መውደቅን ይቀንሳል ወይ ለሚለው መልሱ የተደበላለቀ ነው። ለልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ይመስለዋል። ለእናቲቱ ግን ብቻዋን ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ መቻል የአእምሮ ፈተና ላይ ከምታገኘው ነጥብ ይበልጣል።

እዚህ ውጭ አገር ያለን ሰዎች ነገር የተለየ የሚሆነው በኑሯችን ነው። አገር ቤት ሳለች እናቴ በየቀኑ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትነሣለች፤ ዱካ ከመሬት አንድ ክንድ የማይሞላ መቀመጫ ነው፤ ከእርሱ መነሣት ዛሬ ባለሙያ ከሚያዘው ልምምድ ይከብዳል። ወጣ ገባ በሆነ ድንጋይ ላይ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ረጅሙን ጸሎት ቆማ ታስቀድሳለች፤ ትሰግዳለች። ይህ ሁሉ ልምምድ መሆኑን የነገራት አልነበረም። እዚህ ስትመጣ ለስላሳ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ አሳንሰርና መኪና ጠበቋት፤ እኛም በፍቅር የቀረውን ጨረስነው። በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአሠሪዎቻቸውን ያረጁ ወላጆች የሚንከባከቡ እህቶቻችን ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ነው። የሚረሳ ሰው ቢወድቅ ጥፋተኛ የምትባለው እርሷ ናት፤ ሥልጠና የሰጣት የለም፤ «ተቀመጪ» ማለት ለእርሷ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ራሷን የማዳን መንገድ ነው። መጦሪያ ቤቶቹ ሠራተኛ አነሰን፣ እንከሰሳለን ብለው ያስሩ እንደነበር ላነበበ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በእኛ ቤት አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት፣ ወጥ ቤት ውስጥ እንሠራለን። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ታደርጋለች። ወንበሩ ጎማ የሌለው፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ ነው። እኔ ከጎኗ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ እቆማለሁ፤ እጄ ወገቧ አጠገብ ነው እንጂ አይዛትም። ሐኪሟ ምን ያህል እንደሚፈቀድላት ወስኗል፤ የማረጋጊያ መድኃኒቷንም ቀንሶታል። «አሥር ጊዜ ተነሺ» ብላት ለምን ትለኛለች፤ ትክክል ናት። ስለዚህ ሥራ እሰጣታለሁ። ስኒዎቹን ከላይኛው መደርደሪያ አንድ በአንድ አውርዳ፣ ዞር ብላ ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። በመጀመሪያው ወር በሁለት እጇ ጠርዙን ሳትይዝ አንድ እርምጃ አትሄድም ነበር፤ አሁን አንደኛው እጇ ስኒ ይይዛል። ትናንት መሥራታችንን አታስታውስም፤ በየቀኑ አዲስ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስቱን ስኒ ደርድራ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና «እንግዶቹ እነማን ናቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስልክ አንሥቼ ጎረቤቶቻችንን ጠራሁ፤ ቡና ተፈላ።